ማን ይላከኛል?

የአንባብያን ጥያቄና የቀሲስ መልስ

ጥያቄ

ቀሲስ፣ እንደምን ሰነበቱ? ይባርኩኝ።

27 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ነኝ። በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት መዘመር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። አሁን ግን ደከመኝ። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ፤ የታክሲ ሰልፍ ቆሜ ለጥናት ስደርስ 1 ሰዓት ይሆናል። የቀረ ሰው ስሙ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ብዙ ጊዜ የምሄደው እግዚአብሔርን ብዬ አይደለም። «እሷም ቀዘቀዘች» እንዳልባል ነው።

በቀደም አንድ መምህር ኢሳይያስን ጠቅሰው ሲያስተምሩ «የእግዚአብሔርን ቅድስና ያየ ሰው ለማገልገል አይለመንም፤ ራሱ እነሆኝ ይላል» አሉ። ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። 11 ዓመት የዘመርኩት ምንም ሳላይ ነው ማለት ነው? ብተወውስ እግዚአብሔር ይቀየመኛል?

የደከማት መዘምርት

መልስ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለባለቤቴም አነበብኩላት። እሷ «ይህቺ ልጅ መጀመሪያ ትተኛ» አለች። ትክክል ናት። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻ አቀረበለት፣ ውሃ አጠጣው፣ እንደገና እንዲተኛም ተወው። ያ ትንሽ የዝምታ ድምፅ፣ የእግዚአብሔር ድምፅ፣ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከማንበብሽ በፊት ካልተኛሽ፣ ተኝተሽ ተነሥተሽ አንብቢው።

መምህሩ ያሉት እውነት ነው። ግን መድረሻውን ነግረውሽ መንገዱን የዘለሉት ይመስለኛል። «እነሆኝ፥ እኔን ላከኝ» የሚለው ቃል ያለው በኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 8 ላይ ነው። ከእርሱ በፊት ሰባት ቁጥሮች አሉ። ያንቺ ጥያቄ ያለው እነዚያ ውስጥ ነው።

ምዕራፉ የሚጀምረው «ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት» ብሎ ነው። ይህን ቃል ብዙ ሰው እንደ ቀን መቁጠሪያ አይቶ ያልፈዋል። ዖዝያን ማን ነበር? በ16 ዓመቱ ነግሦ 52 ዓመት የገዛ ሰው ነው። በኢየሩሳሌም ግንብ ሠራ፣ በምድረ በዳ ጉድጓድ አስቆፈረ። እርሻ የሚወድ ንጉሥ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ለይቶ ይነግረናል። በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ታበየ። አንድ ቀን ጽና ይዞ ሊያጥን ወደ መቅደስ ገባ። ማጠን የካህናት ሥራ ነበር። ካህኑ ዓዛርያስ ከ80 ካህናት ጋር ተከትሎት ገባና «ይህ ለአንተ አይደለም» አለው። ንጉሡ ተቆጣ። ጽናው በእጁ እንዳለ ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት። እስኪሞት ድረስም ለብቻው በተለየ ቤት ተቀመጠ። ታሪኩ 2ኛ ዜና መዋዕል 26 ላይ አለ፤ አንብቢው።

ዖዝያን ማገልገል ፈልጎ ነበር እኮ! ማንም አልገፋውም፣ ስሙንም ማንም አልለጠፈበትም። በፈቃዱ ነው የገባው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ በማን ፊት እንደቆመ ዘነጋ። ስለዚህ ፈቃደኝነት ብቻውን ምልክት አይሆንም። በፈቃዱ እየሮጠ የሚሰናከል አለ፤ እንዳንቺ እየከበደውም ቢሆን «በእውነት ለማን ነው የምዘምረው?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። እኔ ሁለተኛው ለመቅደሱ ይቀርባል እላለሁ።

አሁን ወደ ኢሳይያስ እንምጣ። መምህሮቻችን በትርጓሜ የሚሉት ነገር አለ። ዖዝያን ያን በደል ሲፈጽም ኢሳይያስ ዝም አለ ይላሉ። ንጉሡ ወዳጁ ነበርና አፈረው። ስላልገሠጸውም ከንፈሩ ላይ ለምጽ ወጣበት፤ ንጉሡ እስኪሞትም ትንቢት ራቀው። እኔ ይህን ትርጓሜ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ የሰማሁት በልጅነቴ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ትዝ አለኝ። በእኛ ቋንቋ የኢሳይያስ ሕመም ስም አለው፤ ይሉኝታ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የተያዘ አፍ። ነቢዩ ጌታን ባየ ጊዜ «ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው በመሆኔ... ወዮልኝ!» ብሎ የጮኸው ለዚህ ነው። እጄ ወይም እግሬ አላለም። የታመመበትን ቦታ ያውቀዋል።

አንቺም ታውቂዋለሽ። «እሷም ቀዘቀዘች እንዳልባል ነው» ብለሽ ጽፈሻል። ይህን መጻፍ ቀላል እንዳይመስልሽ። «ወዮልኝ» የሚለው ቃል ያንቺ ትርጉም ይህ ነው። ምንም ያላየ ሰው እንዲህ አይጽፍም።

ቀጥሎ ፍሙ ይመጣል፤ ከሱራፌል መላእክት አንዱ ከመሠዊያው ፍም ወስዶ የነቢዩን ከንፈር ይነካበታል። እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ።

18 ዓመቴ ነበር። ጎጃም ውስጥ፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበርኩ። ድቁና ከተቀበልኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ቅዳሴው አፌ ላይ ነው፤ ልቤ የትም ሆኖ አፌ ይጨርሰዋል። ጽናውን የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። የወይራ ፍም ከቤተልሔም፣ ኅብስቱ ከሚጋገርበት ቤት፣ በገል አመጣለሁ፤ በጉጠት እያነሣሁ ጽናው ውስጥ አኖራለሁ። አንድ እሑድ ጉጠቱን አጣሁት። ቸኩያለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሰርግ ነበር፤ ጓደኞቼ ደጅ ላይ ይጠብቁኛል። በሁለት ጭራሮ ቆንጥጬ አነሣሁት። ተንሸራተተና እዚህ፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አረፈ። ጠባሳው እስካሁን አለ፤ ይህን ስጽፍ እያየሁት ነው። ጮህኩ። ፍሙ ወድቆ ምንጣፉን አቃጠለው። የምንጣፉ ሽታ ከዕጣኑ ጋር ተቀላቀለ።

ገባሬ ሠናዩ አዛውንት ካህን ነበሩ። ይመቱኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ጎንበስ አሉና ጉጠቱን ከመጋረጃው ሥር አንሥተው ሰጡኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሱራፌል እንኳ በጉጠት ነው የያዘው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቅዳሴው ቀጠለ።

ሰርጉ ላይ አልሄድኩም። እጄን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ኢሳይያስን አነበብኩ። ሱራፌል ማለት የሚነዱ ማለት ነው፤ እሳታውያን ናቸው። እሳት የሆነው መልአክ ከመሠዊያው ፍም ለማንሣት ጉጠት ያዘ። እኔ በጭራሮ! ስድስት ዓመት ሙሉ ፊታቸውን በክንፋቸው ከሚሸፍኑት ጋር ነበር የቆምኩት፤ አንድ ቀን እንኳ ፊቴን አልሸፈንኩም።

በሳምንቱ «አውሥኡ» ብዬ ሕዝቡን አዘዝኩ። መልሱ ማለት ነው። ሕዝቡም «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባኦት» ሲል ጉልበቴ ከዳኝ። ራእይ አላየሁም ልጄ። ያው መጋረጃ፣ ያው ጢስ ነው። ሴቶቹ በነጠላቸው ተሸፋፍነው እንደ ወትሮው ቆመዋል። ግን በማን ፊት እንደቆምኩ ገባኝ። ፈራሁ፣ አፈርኩም። ያን ቀን ስቆርብ፣ ያ ፍም ወደ እኔም እንደመጣ አወቅሁ። ኢሳይያስን ከንፈሩን ነክቶ «ኃጢአትህ ተሰረየልህ» አለው እንጂ አላቃጠለውም። እኔ የያዝኩት ፍም አቃጠለኝ፤ እግዚአብሔር የላከው ፍም ግን አነጻኝ።

ከዚያ የሆነውን ስሚ። የኅብስቱን ሥራ ሁላችንም እንሸሽ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት መነሣት ነው። ብርድ አለ፣ ጢስ አለ፤ ዱቄቱንም ማንም ሳያይሽ ነው የምታቦኪው። ተራችን ሲደርስ ግማሻችን እንታመማለን። ቅጣት ተሞክሯል፣ ዱላም ተሞክሯል። በዚያ ሳምንት ግን «እኔ ልግባ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። ሁለት ዓመት ቤተልሔም ገባሁ። ያ ሥራ ሸክም የሆነብኝ ቀን ጥቂት ነው።

ይህን የምነግርሽ አንቺም እንደዚያ ያለ ቀን ጠብቂ ለማለት አይደለም። እኔም ደጋግሞ አልመጣልኝም። ኢሳይያስም ቢሆን ያ ዓይነት ራእይ በየሳምንቱ እንደታየው አልጻፈልንም። ከዖዝያን ቀጥሎ በኢዮአታም፣ በአካዝና በሕዝቅያስ ዘመን ሁሉ ያገለገለው ያንን ቀን ይዞ ነው። ደረቅ ዓመታት ነበሩ። ላከኝ ካለ በኋላ የተሰጠውን መልእክት እይው፤ ሕዝቡ ይሰማል ግን አያስተውልም ተባለ። እርሱም «እስከ መቼ ድረስ ነው?» ብሎ ጠየቀ። በፈቃዱ የሄደ ሰው ነው ይህን የጠየቀው። ስለዚህ ድካምሽ አለማየትሽን አያሳይም። «እስከ መቼ» ማለትም አገልግሎት ውስጥ ያለ ቃል ነው።

«ብተወው ይቀየመኛል?» ላልሽው፣ ቁጥር 8ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ጌታ «ሂድ» አላለም። «ማንን እልካለሁ? ማንስ ይሄድልናል?» አለ። ጠየቀ። እልፍ አእላፍ መላእክት ያሉት ንጉሥ ጠየቀ።

እኔ ይህን ቁጥር በእናቴ ነው የምረዳው። አምስት ልጆች ነበርን። «አንተ፣ ከነእንትና ቤት እሳት ጫርልኝ» ስትል አንዱን እግሩን ያመዋል፣ አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ «ትናንት እኔ ነኝ የሄድኩት» ይላል። ቅዳሜ ግን ሌላ ነበር። ገበያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ማታ ትመጣለች። መደቡ ላይ ትቀመጥና ጫማ የማያውቅ እግሯን ትዘረጋለች። ተረከዙ ተሰነጣጥቆ አቧራው ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል። ከጀርባዋ ያወረደችው ጨው፣ ቡና፣ ለእኛ የገዛችው አቡጀዲ ነው። ለራሷ ምንም የለም። ያኔ ቀስ ብላ «ልጆቼ፣ ማን ይላከኛል?» ትላለች። አምስታችንም እኩል ነው የምንነሣው። በሩ ላይ እንጋፋ ነበር። እግሯን አይተናላ!

ቋንቋችን ራሱ ይህን ይዞታል። መቅደስ ውስጥ የሚቀድሱትን አምስቱን ልኡካን እንላቸዋለን፤ የተላኩ ማለት ነው። መልአክ፣ መልእክት፣ ተልእኮ ከዚያው ግንድ ናቸው። እናቴ «ማን ይላከኛል?» ስትል የተናገረችው፣ ኢሳይያስም «ላከኝ» ሲል የመለሰው ያንኑ ቃል ነው።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ለሰብሳቢያችሁ ሄደሽ በግልጽ «ሁለት ወር ፈቃድ ስጡኝ» በይ። ታመምኩ አትበይ፣ ሥራ በዛብኝ አትበይ። ደክሞኛል በይ። ያ ራሱ ለከንፈርሽ መድኃኒት ነው። ቴሌግራሙን ለሁለት ወር ድምፁን አጥፊው። ቅዳሴ ግን አትቅሪ። ይልቅ ቀድመሽ ግቢ፤ ካህኑ መጋረጃውን ሳይገልጥ ድረሺ። የመዘምራን ልብስ ሳትለብሺ፣ ከበሮ ሳትይዢ፣ ቀጥሎ የምትዘምሩትን ሳታስቢ ቁሚ። 11 ዓመት ሙሉ ምናልባት እንዲህ ቆመሽ አታውቂም። ዲያቆኑ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል በእውነት ወደ ምሥራቅ ተመልከቺ። «ቅዱስ» ሲባል አንቺም በይ፤ ዜማው ቢሰበር ግድ የለም። የንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂና ለእኔ የጻፍሽልኝን ንገሪያቸው። ሲፈቅዱልሽ ቁረቢ።

ከሁለት ወር በኋላ ወደ መዝሙሩ ትመለሺ ይሆናል። ላትመለሺም ትችያለሽ። ገንዘብ የምትቆጥሪ ልጅ ነሽ፤ ምናልባት የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ይጠራሽ ይሆናል። ወይም ጎረቤትሽ ያለች አልጋ ላይ የዋለች እናት። ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ስትሰሚው ግን ታውቂዋለሽ፤ የሰው ዓይን ስለማትፈሪ ቀላል ይሆንልሻል። ያኔ ጻፊልኝ። ባለቤቴም ትጠብቃለች።

ጥያቄ

የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ ነኝ። አባሎቻችን 60 ናቸው፤ ለጥናት የሚገኙት ከ20 አይበልጡም። የቀረ 50 ብር እንዲከፍል ወሰንን፤ ይብሱን ጠፉ። ወጣቱን እንዴት ወደ አገልግሎት እንመልሰው?

ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ወንድሜ፣ ከላይ ያለችውን የእኅትህን ደብዳቤ አንብበሃል ብዬ ልቀጥል። ቅጣቱን አንሡት። ከ50 ብሩ ይልቅ የሚጎዳው፣ ልጆቹ እግዚአብሔርን እንደ ዕዳ ሰብሳቢ ማሰብ መጀመራቸው ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልጠይቅህ። እሑድ ቅዳሴ እየተቀደሰ መዘምራኖቻችሁ የት ናቸው? በብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ ውስጥ «ቅዱስ ቅዱስ» እየተባለ አዳራሽ ውስጥ የከበሮ ልምምድ ይደረጋል። ልብስ ይተኮሳል፣ ማይክራፎን ይሞከራል። ከዚያ ቅዳሴው ሲያልቅ ሮጠው ወጥተው ይዘምራሉ። እነዚህ ልጆች ስለ ማን እንደሚዘምሩ መች አዩ? በቅዳሴ ሰዓት ጥናትም ዝግጅትም አይኑር። ይህን ብቻ ለአንድ ዓመት ብትይዙት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። መዝሙሩ አንድ ሁለት እሑድ ቢበላሽ ይበላሽ።

እኛ አጥቢያ አንዲት እናት አሉ። በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ግቢውን ይጠርጋሉ። ማንም አልመደባቸውም፤ በየትኛውም ዝርዝር ላይ ስማቸው የለም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጣፍተው፣ ከደጀ ሰላሙ ጀምረው እስከ ቤተልሔሙ ጀርባ ይደርሳሉ። የዝግባውን ቅጠል በእጃቸው ይለቅማሉ፤ መጥረጊያው አይደርስበትማ። አንድ ቀን «እማማ፣ ማን አዘዘዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ቤቱ የማን እንደሆነ ካወቅሁ ወዲህ እጄ አልቀመጥ አለኝ» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቀጠሉ። ልጆቹን ሰብስበህ ከመናገርህ በፊት፣ እንዲህ ያሉ እናት በእናንተም ግቢ አይጠፉምና ልጆቹ ሄደው ይዩአቸው።

ጥያቄ

አባቴ ቀሲስ፣ ቤሩት ነው ያለሁት። ሰው ቤት ነው የምሠራው። እሑድ አልወጣም፤ አይፈቅዱልኝም። አገሬ ሳለሁ በቤተ ክርስቲያናችን ውሃ እቀዳ ነበር፤ ለዝክርም እጋግር ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። እዚህ ግን የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ እውላለሁ። አሮጊቷን አጥባለሁ፣ አበላለሁ። እግዚአብሔር የሚያገለግሉትን ሲቆጥር እኔ ከሌሉት ነኝ። ምን ላድርግ? በጸሎት ያስቡኝ።

አንዲት እኅት

መልስ

ልጄ፣ የዓለም መድኃኒት ያበርታሽ።

አንድ ነገር አልሸፍንሽም። ቅዳሴና ቁርባን በስልክ አይደርስም። ያ ጉድለት ጉድለት ነው፤ እንደሚጎዳሽ አውቃለሁ። እሑድ ሲዘጋብሽ ብታለቅሺ ትክክለኛ ለቅሶ ነው። ታናሽ እኅቴ እንዳንቺው ስድስት ዓመት በዓረብ አገር ሠርታለች። ስትመለስ በመጀመሪያው ቀን ሻንጣዋን ሳትፈታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ደጁ ላይ ተደፍታ ቀረች። አንሥተን ነው የወሰድናት።

ግን ሱራፌል የጮኹትን እስከ መጨረሻው ስሚው። «ቅዱስ፥ ቅዱስ፥ ቅዱስ» ብለው አላበቁም። «ምድር ሁሉ ከክብሩ ተሞልታለች» አሉ። የቆሙት መቅደስ ውስጥ ነው፤ ስለ መቅደሱ ግን አይደለም የመሰከሩት፣ ስለ ምድር ሁሉ ነው። ያቺ የምታጥቢያት አሮጊት ያለችበትም ክፍል ምድር ነው።

ሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ አንዲት ብላቴና አለች። ከእስራኤል ተማርካ በሶርያው የጦር አለቃ በንዕማን ቤት ለሚስቱ ታገለግል ነበር። ስሟ አልተጻፈም። ወደ ኢየሩሳሌም የምትወጣበት መንገድም አልነበራትም። ጌታዋ ለምጻም ነበር። እመቤቷን «ጌታዬ በሰማርያ ካለው ነቢይ ፊት ቢደርስ ይፈወስ ነበር» አለቻት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተናገረችው። የጦር አለቃው ዮርዳኖስ ወርዶ ነጽቶ የተመለሰው በዚያች ቃል ነው። እርሷ ያለችውን ያለችው እቃ እያጠበች ይሁን ፀጉር እያበጠረች፣ አልተነገረንም። ከሰው ቤት ሆና ግን ተላከች።

እኅቴ እንደነገረችኝ፣ ጠዋት መወልወያውን ስትይዝ «አቡነ ዘበሰማያት» ትጀምራለች። «ስምህ ይቀደስ» ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች። አንድ ጊዜ ተንፍሳ ትቀጥላለች። በቀን ውስጥ ለራሷ የነበራት ጊዜ ያቺ ትንፋሽ ብቻ የሆነችበት ቀን ነበር። አንቺም ከዚያ ጀምሪ። አሮጊቷን ስታጥቢ እግሯን ረጋ ብለሽ እጠቢ። ጌታ ከኅማሙ በፊት በነበረችው ሌሊት የሠራውን ሥራ ነው የምትሠሪው። ማንም ባያይሽ፣ የሠራው ያውቀዋል። ቢበድሉሽ ግን፣ ደመወዝሽን ቢከለክሉሽ ወይም እጃቸውን ቢያነሡብሽ፣ ያንን እንደ መስቀል ቆጥረሽ ዝም እንዳትዪ። የምታምኚው ሰው ዘንድ ተናገሪ፤ ለቆንስላም አመልክቺ።

ሌላም ልንገርሽ። ቤሩት ባሕሩ በምዕራብ ነው፤ ተራራው በምሥራቅ። ፀሐይ የምትወጣልሽ ከሊባኖስ ተራራ በኩል ነው። ኢሳይያስ ጌታን ያየበትን መቅደስ ሰሎሞን ሲሠራ እንጨቱን ያስመጣው ከዚያ ተራራ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከውስጥ በሊባኖስ ዝግባ የተለበጠ ነበር። ሱራፌል ሲጮኹ መድረኩ የተናወጠው፣ ቤቱም በጢስ የተሞላው በዚያ እንጨት መካከል ነው። ወጥ ቤቱ መስኮት ካለውና ወደ ተራራው ከሆነ፣ ጠዋት ሻይ ስታፈዪ ወደዚያ ዞር በይ። ዲያቆኑ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» የሚለው ላንቺም ነው።

በደብዳቤሽ ግርጌ የክርስትና ስምሽን ጽፈሽልኛል። ጋዜጠኞቹ ከዚህ አስቀርተውታል፤ እኔ ግን ይዤዋለሁ። በሚመጣው እሑድ ተረኛ ነኝ። ዕጣኑን ፍሙ ላይ ስጨምር እጠራዋለሁ።